ማርና ቅቤ፦ ከዳናኪል የተመለሰ የትራይፖድ ሄድ ጉዳይ

ጥር 3 ቀን ማታ ስልኬ ጮኸ። "ጋሼ፣ ሄዱ አብዷል" አለኝ ልጁ። ሰላምታ እንኳን አላስቀደመም። ሌላ ጊዜ እንዲህ ዓይነት ልጅ አይደለም።

ሥራው የሰርግ ቪዲዮ ነው። ጥር ለእሱ የመኸር ወር ማለት ነው። በወሩ ውስጥ ሦስት ሰርግ ይዟል። በመሃል ከተራና ጥምቀት አሉ፤ ጃንሜዳ ሊቀርጽ ቃል ገብቷል። በእንደዚያ ያለ ቀን ካሜራ በእጅ ተይዞ አይዋልም። ቦታህን ትይዛለህ፣ ትራይፖድህን ትተክላለህ፣ ከሩቅ በረጅም ሌንስ ስበህ ትቀርጻለህ። ሄዱ ካልታዘዘ ሥራ የለም።

በማግስቱ ጠዋት ዕቃውን ይዞ ከተፍ አለ። ሥራዬ ጥገና አይደለም። ግን ለብዙ ዓመት ካሜራ ተሸክሜ ስለኖርኩ፣ የራሴን ዕቃ ስፈታና ስገጥም እጄ ለምዷል። ሰው ሲቸገር ይደውልልኛል።

ለማያውቀው ባጭሩ ላስረዳ። ሦስቱ እግሮች ላይ የሚቀመጠው፣ ካሜራውን ይዞ የሚዞረው ክፍል ሄድ ይባላል። የፎቶ ሄድ ካሜራውን ቀጥ አድርጎ ከያዘ ይበቃዋል። የቪዲዮ ሄድ ግን እንቅስቃሴው ራሱ ሥዕሉ ላይ ይታያል። ስለዚህ ውስጡ ወፍራም ፈሳሽ አለ። ፍሉይድ ሄድ የተባለውም ለዚህ ነው። ወደ ጎን ማዞሩን ፓን፣ ወደ ላይና ወደ ታች ማቅናቱን ቲልት እንላለን። የሚይዝበትን መጠን የምንጨምርበትና የምንቀንስበት ቁልፍ ደግሞ ድራግ ነው።

የልጁ ሄድ መካከለኛ ዋጋ ያለው፣ 75 ሚሊሜትር ቦውል ላይ፣ ማለትም እግሮቹ አናት ላይ ባለው ጎድጓዳ መቀመጫ ላይ የሚቀመጥ ዓይነት ነው። እግሮቹ አሉሚኒየም ናቸው። አቤቱታው ሦስት ነበር። አንደኛ፣ ፓን ሲጀምር "ቸክ" ብሎ ይዘላል። ሁለተኛ፣ አዙሮ ሲያቆም ሥዕሉ ትንሽ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሦስተኛ፣ እጁን ሲለቅ ካሜራው አፍንጫውን ይደፋል። "ሦስቱም ከገና ወዲህ ነው የባሱት፤ ሄዱ አለቀለት መሰለኝ" አለኝ።

ታሪኩን ከመጀመሪያው እንዲነግረኝ ጠየቅሁት። ዕቃ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚፈታው ባለቤቱ ነው።

በኅዳር ወር ከአንድ ቡድን ጋር ዳናኪል ወርዶ ነበር። ዳሎል ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ቦታ ነው። ሙቀቱ ይታወቃል። ከሙቀቱ በላይ ግን ለዕቃ ክፉው ጨው ነው። ነፋሱ ጨው ይዞ ይነፍሳል፤ ትራይፖዱ የሚተከለው ጨው ላይ ነው፤ እጅህም ጨው ነው። ሲመለስ ፓኑ ላይ "ክርር" የሚል ድምፅ ሰማ። ጎረቤቱ የመኪና መካኒክ ነው፤ ለእሱ አሳየው።

"ምን አደረገልህ?"

"ፈታው። ውስጡ ማስቲካ ሆኖ ነበር ጋሼ። የሚሳብ ማስቲካ! ያንን ጠርጎ አዲስ ግራሶ ሞላልኝ። ብር እንኳን አልተቀበለኝም።"

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። "ማስቲካው" የተበላሸ ቅባት አልነበረም። ሄዱ ራሱ ነበር ማለት ይቻላል።

ቢሆንም ካቻቢቴ አላነሳሁም። አንድ ጥፋት ስላገኘህ ሌሎቹም በእሱ የመጡ ይመስልሃል። በዚህ ብዙ ጊዜ ተሸውጃለሁ። አንድ ጊዜ የራሴን ሄድ ሙሉ ቀን ፈትቼ ገጥሜ፣ በመጨረሻ ጥፋቱ የላላ የእግር ብሎን ሆኖ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ ከላይ ጀምሬ ወደ ታች እየፈተሽኩ ነው የምወርደው፦ ካሜራው፣ ፕሌቱ (ካሜራው ሄዱ ላይ የሚታሰርበት ጠፍጣፋ)፣ ቲልቱ፣ ፓኑ፣ ቦውሉ፣ እግሩ፣ መሬቱ። አንድም ነገር ሳይፈታ።

ሳይፈታ የተገኘው

አፍንጫ መድፋቱን በአምስት ደቂቃ ጨረስነው። ልጁ በታኅሣሥ 70-200 የሚባል ሩቁን የሚያቀርብ ሌንስ ገዝቷል። ትልቅና ከባድ ነው። ሌንሱ የራሱ እግር አለው፤ እሱ ግን ካሜራውን እንደ ድሮው በካሜራው ቂጥ አስሮታል። ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ሄዷል። በሌንሱ እግር አሰርነው። ፕሌቱን ወደ ኋላ ሳብ አድርገን፣ ቁልፎቹን ሁሉ ለቀን፣ ድራጉን ዜሮ አድርገን ካሜራው ያለ እጅ ቀጥ ብሎ የሚቆምበትን ቦታ ፈለግን።

ከዚያ ሞላው አለ። በቲልቱ ውስጥ የካሜራውን ክብደት የሚመጥን ሞላ አለ። በዚህ ሄድ ላይ በቁልፍ የሚመረጥ ሦስት ደረጃ አለው። ወደ ፊት ሠላሳ ዲግሪ ያህል ታጋድለውና እጅህን ትለቃለህ። ከወደቀ ሞላው አንሶታል። ተፈናጥሮ ከተነሣ በዝቶበታል። ባለበት ከቆመ ልኩ ነው። ልጁ ሞላውን ሄዱን ከገዛበት ቀን ጀምሮ ነክቶት አያውቅም። ሁለተኛው ደረጃ ላይ ሲደረግ ካሜራው ባለበት ቆመ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ቆጨኝ። ካሜራው እየወደቀ ሲያስቸግረው የቲልቱን መቆለፊያ ግማሽ ድረስ አጥብቆ እየቀረጸ ነበር። መቆለፊያ ፍሬን ነው። ፍሬን ይዘህ ዳገት እንደ መንዳት ነው። ውስጡ ያለው ሸራ ይበላል፣ እንቅስቃሴውም ይንተፋተፋል። ብዙ ልጆች ይህን ያደርጋሉ። ሄዱ ጠንካራ የሆነ ይመስላቸዋል እንጂ የሚያልቀው ፍሬኑ ነው።

ወደ ኋላ የመመለሱን ጉዳይ ለማየት ፓኑን ጥርቅም አድርጌ ቆለፍኩት። ከዚያ እጀታውን በአንድ ጣት ቀስ ብዬ ገፋሁት። የተቆለፈ ነገር መንቀሳቀስ የለበትም። ተንቀሳቀሰ። ልጁን ጎንበስ ብለህ ከሥር እይ አልኩት። ሄዱ ሳይሆን የእግሩ ትከሻ ነው የሚላወሰው። ሦስቱ እግሮች ከላይ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ያሉት ብሎኖች ላልተዋል፤ ሁለቱ በእጅ ሁሉ ይዞራሉ። ከቦውሉ ሥር ያለው መጨበጫም በደንብ አልጠበቀም ነበር። በአለን ቁልፍ አጠበቅናቸው። እግሩ በራሱ ክብደት እንዳይወድቅ ብቻ፣ ሲገፉት ግን እንዲከፈት። ከዚያ በላይ ካጠበቅከው የሚሰነጠቀው ፕላስቲኩ ነው።

መመለሱ በጣም ቀነሰ። አልጠፋም። ቀላል የአሉሚኒየም እግር ትንሽ መጠማዘዙ አይቀርም፤ 200 ሚሊሜትር ሌንስ ደግሞ ትንሿን ትልቅ አድርጎ ያሳያል።

ከሦስቱ አቤቱታ ሁለቱ የሄዱ ጥፋት አልነበሩም ማለት ነው። መዝለሉ ግን እዚያው አለ።

ላስቲክና ሮቶ

ለመዝለል የምጠቀምበት ፈተና ቀላል ነው። የብር መጠቅለያ ላስቲክ ነው የሚያስፈልገው። ላስቲኩን እጀታው ጫፍ ላይ ታስርና በላስቲኩ ትስበዋለህ። እጅ ያታልላል፤ ሳታውቀው መዝለሉን ታስተካክልለታለህ። ላስቲክ ግን አይዋሽም። ካሜራውን ከፊት ለፊት ፎቅ ጣሪያ ላይ ወዳለው ሮቶ አነጣጠርን፣ ሌንሱን እስከ መጨረሻው ሳብነው፣ ከላስቲኩ ጎን ማስመሪያ ያዝን።

ስድስት ሳንቲሜትር የነበረው ላስቲክ አሥራ አንድ ሳንቲሜትር እስኪደርስ ሄዱ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ በአንዴ ዘለለ፤ ሮቶው ከሥዕሉ ወጣ። እንደገና ያዝ አደረገ። እንደገና ዘለለ።

ልጁ አንድ ነገር ጨመረ። "ጠዋት ላይ ይብሳል። ባለፈው ደብረ ብርሃን ሙሽራ ልናወጣ በንጋት ስንሄድ አልንቀሳቀስ ብሎኝ ነበር፤ ፀሐይ ሲወጣ ሻል አለ።" ይህ ትልቅ ፍንጭ ነው። የጥር ንጋት ደብረ ብርሃን ላይ ውርጭ ነው። በብርድ ደርቆ በፀሐይ የሚለሰልስ ከሆነ፣ ጥፋቱ ከብረቱ ይልቅ ከቅባቱ ነው የሚሆነው።

ግራሶ ምን በደለ?

መካኒኩን አልወቅሰውም። ለእሱ ቅባት ማለት እንዲያንሸራትት የሚደረግ ነገር ነው። ኩሽኔታ ላይ ትቀባለህ፣ ጎማው በነፃነት ይዞራል። ዕድሜ ልኩን የሠራው ይህንን ነው። ፍሉይድ ሄድ ውስጥ ያለው ነገር ግን ተቃራኒ ነው። የገባው እንዲይዝ ነው።

ለልጁ ያስረዳሁት በማርና በቅቤ ነው። ማንኪያ ማር ውስጥ ክተትና ቀስ ብለህ አዙረው። ይዞራል፣ አያስቸግርህም። አፍጥነህ አዙረው፤ እጅህን ይይዝሃል። በፈጠንክ ቁጥር ይበልጥ ይይዝሃል። ደግሞም ሲጀምር አይዘልም፤ ለትንሿም ግፊት ቀስ እያለ መልስ ይሰጣል። አሁን ማንኪያውን የረጋ ቅቤ ውስጥ ሰካው። ቀስ ብለህ ስትገፋው ምንም። ትንሽ ስትጨምር ምንም። ከዚያ ድንገት ይሰነጠቅና ማንኪያው ይሸሻል።

ጥሩ ፓን ማር ነው። የእጅህ መንቀጥቀጥ ፈጣን ነገር ስለሆነ ማሩ ይውጠዋል፤ ዝግ ያለውን እንቅስቃሴ ያሳልፈዋል። ግራሶ ደግሞ ቅቤ ነው። በዘይት ውስጥ ሳሙና መሰል ማርጊያ ተጨምሮበት ነው የሚሠራው፤ በቦታው እንዲቀመጥና እንዳይፈስ። ለጎማ ኩሽኔታ ይህ ጥቅም ነው። ለፓን ግን በሽታ ነው።

የእግሩ መላላት እዚህ ላይ ነው የሚገናኘው። ግራሶው ያዝ ሲያደርግ እጅህ እግሩን ነው የሚጠመዝዘው። እግሩ እንደ ሞላ ይወጠራል። ግራሶው ሲለቅ እግሩ የያዘውን ሁሉ በአንዴ ይመልሳል። ዝላዩ እንዲህ ነው የተፈጠረው። እግሩ ብቻውን ወይም ግራሶው ብቻውን ይህን ያህል ባላስቸገረ ነበር።

ፋብሪካው የሚያስገባው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ሲሊኮን ነው። በጣም ወፍራም ሲሊኮን። ውፍረት በሴንቲስቶክ ይለካል። ውሃ አንድ አካባቢ ነው፣ ማር ጥቂት ሺህ ነው። ለሄድ የሚሆነው ሲሊኮን ግን መቶ ሺዎች ውስጥ ይገባል። በጣት ስትስበው ክር ይሠራል። መካኒኩ ማስቲካ ቢለው አይፈረድበትም። ሌላው ጥቅሙ፣ በብርድና በሙቀት ውፍረቱ እንደ ተራ ዘይት ብዙ አይለዋወጥም።

ሐሳቡ አሜሪካ ውስጥ እንዴት እንደተጀመረ ደስ የሚል ታሪክ አለ። ቻድዌል ኦኮነር የሚባል መሐንዲስ የእንፋሎት ባቡር ፍቅር ነበረው። ባቡር ሲያልፍ በፊልም ሲቀርጽ ካሜራው እየተንገጫገጨ አስቸገረው። ስለዚህ በወፍራም ፈሳሽ የሚሠራ ሄድ ለራሱ ሠራ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1940ዎቹ መጨረሻ ካሊፎርኒያ ውስጥ ባቡር ሲቀርጽ አንድ ሰው መጥቶ ስለ ሄዱ ጠየቀው፤ ለእኔም ትሠራልኛለህ ወይ አለው። ሰውየው ዋልት ዲዝኒ ነበር። ኦኮነር ለዚህ ሥራው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኦስካር ተሸልሟል። እዚያ ነገሩ የመጣው ባቡር ሳይነቀነቅ መቅረጽ ከፈለገ አንድ ሰው ነው።

ፈታነው

ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ዘረጋን። ነጭ የሆነው የወደቀች ብሎን እንድትታይ ነው። አጠገቡ የእንቁላል ካርቶን አስቀመጥን። የመጀመሪያው ብሎን የመጀመሪያው ጉድጓድ፣ ሁለተኛው ሁለተኛው፤ ስንገጥም ከኋላ ወደ ፊት እንሄዳለን። እያንዳንዱን ደረጃ ልጁ በስልኩ ፎቶ ያነሣል። ቲልቱን አልነካነውም። መካኒኩም አልነካውም ነበር፣ እኛም ምክንያት የለንም። በውስጡ የተወጠረ ሞላ ስላለ ያለ ምክንያት የሚከፈት ነገር አይደለም።

የፓኑ ታችኛው ሽፋን ሲነሣ ትልቅ ዳዶ አለ። ከጎኑ ዳዶው እንዳይላላ የምትይዘው ትንሽ ብሎን አለች። እሷን ሳትለቅ ዳዶውን ብትፈታ ጥርሱን ትበላዋለህ። ከዳዶው ሥር ሮንዴላ፣ ከሮንዴላው ሥር ጠፍጣፋ ኩሽኔታ፣ ከዚያ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ቀለበቶች። ሲሊኮኑ የሚቀመጠው በቀለበቶቹ መሃል ባለችው ቀጭን ክፍተት ውስጥ ነው። ክፍተቷ በጠበበች ቁጥር ይዞታው ይጨምራል።

አሁን በቡናማ ግራሶ ተሞልታለች። ግራሶው እዚያ ብቻ አልቀረም፤ የፓኑ ፍሬን ሸራ ላይም ወጥቷል። ልጁ "ለካ ስቆልፈውም የሚንሸራተተው ለዚህ ነው!" አለ። ይህን በአቤቱታው ውስጥ አልነገረኝም ነበር።

የላይኛው ክፍል ጠርዝ ላይ፣ የሚዞረው ከማይዞረው ጋር በሚገናኝባት ቦይ ውስጥ፣ ነጭ ፍርፋሪ አገኘን። አሉሚኒየም ሲዝግም ነጭ ዱቄት ያወጣል፤ ስለዚህ ወዲያው ማወቅ አይቻልም። በውሃ የነከርኩት የጆሮ ጥጥ ስነካው ሟሟ። ዝገት አይሟሟም። ልጁ ከደረቀው ትንሽ በጣቱ አነሣና ምላሱ ላይ አደረገ። "አሞሌ ነው" አለ፣ ሳቅን። ኅዳር ላይ "ክርር" ያለው ይህ ነው። በእርጥብ ጨርቅና በጥርስ ብሩሽ በአሥር ደቂቃ ያልቅ ነበር። ውስጡን መንካት አያስፈልግም ነበር።

ግራሶውን በነጭ ጋዝ አጠብነው። አልኮል ሞክረን ነበር፤ ከግድግዳው ላይ የቀረውን የድሮ ሲሊኮን እንዳለ ተወው። ነጭ ጋዝ ሁለቱንም ያነሣል። ጎማ ቀለበቷን ግን አውጥተን በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ብቻ አጠብናት፤ ነጭ ጋዝ ጎማ ያሳብጣል። ብረቶቹንም በመጨረሻ በሳሙናና በሙቅ ውሃ አጥበን ፀሐይ ላይ አደረቅናቸው። የፍሬኑን ሸራ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ላዩን ብቻ አሸት አሸት አደረግነው።

ሦስት ጊዜ ገጠምነው

ትክክለኛው የሄድ ሲሊኮን በቀላሉ አይገኝም። እኔ ጋ የነበረው ከዱባይ ያስመጣሁት፣ ለሪሞት መኪና አሻንጉሊት ዲፈረንሻል የሚሸጥ የሲሊኮን ዘይት ነው። ጥሩነቱ ውፍረቱ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል። ሁለት ነበረኝ፦ 100,000 እና 500,000።

በመጀመሪያ 100,000ውን ቀባን። ገጠምን። ፓኑ ለስላሳ ነው፣ አይዘልም። ግን ምንም አይይዝም። ድራጉን እስከ መጨረሻው ብናጠብቀውም እንደ ላላ በር ይዞራል። ፈታነው፣ ጠረግነው።

ሁለተኛው ላይ ጥፋቱ የእኔ ነው። 500,000ውን አብዝቼ አደረግሁ። ብዙ ቢሆን ምን ይጎዳል ብዬ። ዳዶው ሲጠብቅ ትርፉ በጎን ወጥቶ አሁን ያጸዳነው ፍሬን ላይ ተኛ። በዚያ ላይ ዳዶውንም ከልክ በላይ አጥብቄው ነበርና ሄዱ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ከበደ። ልጁ ዝም ብሎ ያየኛል። መካኒኩ ቢያየኝ ምን ይለኝ ነበር ብዬ አሰብኩ።

ሦስተኛው ላይ ጣቴ ላይ የሚጣበቅ ያህል ብቻ፣ እንደ ጧፍ ሰም ስስ አድርጌ ቀለበቶቹ ላይ ብቻ ቀባሁ። ኩሽኔታው ላይ ሲሊኮን አላደረግሁም። ለእሱ የሚሆነው ያው መካኒኩ የወደደው ግራሶ ነው፤ የምስር ፍሬ ታክል። ለግራሶውም ቦታ ተገኘለት። ዳዶውን እስኪነካ አጠበቅሁ፤ ከዚያ የዙሩን አንድ ስምንተኛ ያህል መልሼ ላላሁት። ሄዱ ወደ ላይና ወደ ታች እንዳይነቃነቅ፣ ግን እንዳይጨናነቅ። ያቺን ትንሽ ብሎን መለስናት።

ወዲያው አልሞከርነውም። ወፍራም ሲሊኮን ሲገጠም አየር ይዞ ይገባል። አየሩ እስኪወጣና ፈሳሹ እስኪዳረስ ሌሊቱን አሳደርነው። እጃችንን ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጠብን፤ ሲሊኮን ሌንስ ላይ ከደረሰ ያስለቅሳል። የመኪና ቀለም ቀቢዎችም ይጠሉታል፤ ሲሊኮን የነካው ብረት ላይ ቀለም እንደ ዓሣ ዓይን ክብ ክብ እየሠራ አልይዝ ይላል።

ጠዋት ላስቲኩን አሰርን። ሰባት ሳንቲሜትር ሳይሞላ ሄዱ መንቀሳቀስ ጀመረ። ሮቶው ከሥዕሉ አንድ ጫፍ ወደ ሌላው ሳይቆራረጥ ሄደ። ልጁ ደጋግሞ አዞረው። አላመነም መሰለኝ።

የቀረው ብርዱ ነው። ደብረ ብርሃን መሄድ ሳያስፈልግ ብርድ ቤት ውስጥ አለ። ሄዱን እርጥበት እንዳይነካው በሁለት ፌስታል ጠቅልዬ ማታ ፍሪጅ ውስጥ አስገባሁት። ጠዋት ባለቤቴ ወተት ልታወጣ ከፈተችው። "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" "የልጁ ሄድ ነው።" "የማን ጭንቅላት?" አለች ደንግጣ። አስረድቼ እስክጨርስ ወተቱ ገነፈለ።

ከፍሪጅ ሲወጣ ትንሽ ከብዷል፤ ይህ ይጠበቃል። ሁሉም ሄድ ትንሽ ይከብዳል። ግን አልዘለለም። ድራጉን አንድ ቀነስኩለትና እንደ ትናንቱ ሆነ። ለልጁ የነገርኩት በብርድ ቦታ ሥራ ከመጀመርህ በፊት ከዳር እስከ ዳር አሥር ጊዜ ያህል አዙረው፣ ፈሳሹ ይፍታታል ብዬ ነው።

የነገርኩት ሌላም አለ። መኪና ውስጥ ሲጫን መቆለፊያዎቹን ላላ አድርግ፤ ሲመታ ይዙር እንጂ አይሰበር። በእጀታው ይዘህ አትሸከመው። ጨውና አቧራ ቦታ ስትውል ማታውኑ በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው። ደግሞ ሲጮህ ደብሊው ዲ 40 የሚረጭ ሰው ሲመጣ ሄዱን አቅፈህ ሩጥ። ያ ነገር ሰርስሮ ይገባና ያለውን ሲሊኮን ያቀጥነዋል፤ ለሁለት ቀን ደስ ይልሃል፣ በሦስተኛው ሄዱ የላላ በር ይሆንብሃል። መካኒኩንም እንዳይቆጣው ነገርኩት። ልጁ ሄዶ አሳይቶታል፤ ሰውየው ሲሊኮኑን በጣቱ ስቦ ስቦ "እና ይሄ እንዲይዝ ነው የሚገባው?" ብሎ ተገርሞ ሲስቅ ዋለ አለኝ።

ጥር 10 ከሰዓት ጃንሜዳ ነበር። ማታ አንድ ክሊፕ በቴሌግራም ላከልኝ። ታቦታቱ በምንጣፉ ላይ ቀስ እያሉ ሲመጡ ከሩቅ ይከተላቸዋል። ጃንጥላዎቹ ከሥዕሉ መሃል አይወጡም። አርባ ሰከንድ ያህል ነው፣ አንድም ቦታ አይቆራረጥም። መጨረሻ ላይ፣ ዘማሪዎቹ ቆመው እሱም ሲያቆም፣ ሥዕሉ በጣም ትንሽ ወደ ኋላ ተመለሰች። ሌላ ሰው አያያትም። እኔ ግን አየኋት፤ የግራው እግር ነው።

ደወልኩለት። እሱም አይቷታል። "ነገ ላምጣው ጋሼ?" አለኝ። ነገ ጥምቀት ነው፣ ከነገ ወዲያ ሚካኤል፣ ቅዳሜ ሰርግ አለው። ዐቢይ ጾም ሲገባና ሰርጉ ሲቆም አምጣው አልኩት። የግራውን እግር ብሎን ቀይረን ቲልቱንም ያን ጊዜ እናየዋለን፤ ያንን ግማሽ የተበላ ፍሬን አልረሳሁትም።